የአባቴ አፍንጫና የመቅደሱ ደጅ

እኛ ቤት ነስር እንግዳ አልነበረም። በሩ አጠገብ ለነስር ብቻ የተለየች ሰማያዊ ሳፋ ነበረችን። አባቴን ይነስራቸዋል፣ እኔን ይነስረኛል፣ የአባቴ እናትም ዕድሜ ልካቸውን ሲነስራቸው ኖረው በእርጅና ነው ያረፉት። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ስጫወት ነሰረኝና «የእናንተ ሳፋ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። የቤቱ እመቤት ግራ ገብቷቸው «የምን ሳፋ?» አሉኝ። የሰው ሁሉ አፍንጫ እንደ እኛ አለመሆኑን ያወቅኩት ያን ዕለት ነው።

ለምን ይነስረናል ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም። «ክፉ ደም ነው፣ ይውጣ» ይባልና ነገሩ ያበቃል። በጣም ከበዛ ደግሞ አንገታችንን ወደ ኋላ ቀና አድርገው አናታችን ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈስሱብናል፤ ከዚያ አፍንጫችን ውስጥ ባዘቶ ይጠቀጥቃሉ። ጥጡ ሲደርቅ የረጋውን ደም ይዞ ይነቀላል፤ ነስሩም እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። ያን ሁሉ ዓመት ቁስሉን በገዛ እጃችን እየቀሰቀስን ጥፋቱን በደሙ ላይ ማሳበባችን ትዝ ባለኝ ቁጥር ዛሬም ያናድደኛል።

አባቴ ቄስ ናቸው። ከገበዝ ማርያም ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት ያህል ወደ ውስጥ በምትገኝ ትንሽ ደብር ያገለግላሉ፤ በሥራ ቀን ድንችና ገብስ ያመርታሉ፣ በሰንበት ይቀድሳሉ። ድምፃቸው ያምራል። ይህን የምለው ልጃቸው ስለሆንኩ አይደለም፤ ልጃቸው በመሆኔማ የማልወድላቸው ብዙ ነገር አለ። ግትር ናቸው፣ ኩርፊያቸው ሳምንት ይዘልቃል፣ ምክር ሲሰጧቸው በአንድ ጆሯቸው ሰምተው በሌላው ያፈስሱታል። ድምፃቸው ግን ያምራል። እሳቸው ሲቀድሱ ቅጥር ግቢው ውስጥ ስለ ማዳበሪያ የሚያወራው ገበሬ ሳይቀር ወሬውን ያቆም ነበር።

በእኛ አገር ደም የሚፈስሰው ሰው ያን ቀን ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ ከውጭ ቆሞ ያስቀድሳል። ምእመን ለሆነ ሰው ይህ ቀላል ነው። አንድ ሰንበት ውጭ ይቆማል፣ በሚቀጥለው ይገባል። ቄስ ሆኖ፣ ያውም መቅደስ ውስጥ፣ ያውም በቅዳሴ ሰዓት ሲሆን ግን ሌላ ነገር ነው። አባቴን የገጠማቸው ይህ ነበር። አንድ ሰንበት ማዕጠንት ይዘው ታቦቱን ሲዞሩ ነሰራቸውና ሁለት ጠብታ ነጩ ልብሰ ተክህኗቸው ላይ ወደቀ። አፍንጫቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወጡ። ቅዳሴውን የጨረሱት አብረዋቸው የገቡት የደብሩ አስተዳዳሪ ናቸው፤ ሽማግሌ ቄስ ናቸው፣ እንደ ምንም ብለው ነው የተወጡት።

ማንም አልወቀሳቸውም። አስተዳዳሪው ራሳቸው ቤት ድረስ መጥተው «በሽታ ነው እንጂ ኃጢአት አይደለም፤ ለሚመጣው ሰንበት ይዘጋጁ» አሏቸው። አባቴ ግን በራሳቸው ላይ ፈርደው ጨርሰዋል። «ነገ ደግሞ ኸሥጋ ወደሙ ላይ ቢወድቅብኝሳ?» አሉ። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ መቅደስ አልገቡም። በየሰንበቱ ከሁሉ ቀድመው ይሄዳሉ፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ከወንዶቹ በር ትይዩ ግንቡን ተደግፈው ይቆማሉ፣ ተሰጥኦውን ከሕዝቡ ጋር ይመልሳሉ። ቄስ መሆናቸውን የሚያሳብቀው ጥምጣማቸው ብቻ ነበር። እናቴ በዚህ ሐዘን ላይ ሳለች ነው ያረፈችው፤ እኔም ያን ድምፅ ዳግመኛ ከውስጥ እሰማዋለሁ የሚል ተስፋዬን ቆርጬ ነበር።

እኔ ፍኖተ ሰላም ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። አንድ ጊዜ መንጋጋዬን አስነቅዬ ደሙ አልቆም ብሎ ሁለት ቀን ስተፋ ሰነበትኩ። በሦስተኛው ቀን የጥርስ ሐኪሙ «ከቤተሰብ እንዲህ ደም አልቆም የሚለው ሰው አለ?» ሲል ጠየቀኝ። «ሁላችንም ነን» አልኩት እየሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። ደሜ ተቀድቶ ሩቅ ተላከ፤ መንገዱ ተዘግቶ፣ ተከፍቶ፣ ውጤቱ ከስንት ጊዜ በኋላ መጣ። ደም እንዲረጋ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ከትውልድ የጎደለን ሰዎች ነን። ክፉ ደም የሚባል ነገር የለም፤ ደሙ ጥሩ ነው፣ የሚያቅተው መርጋት ነው። ለተማሪ ስንቱን ውሁድ ሳስረዳ የኖርኩ ሴትዮ ስለ ገዛ ደሜ የማውቀው አንዲት ሳፋ ብቻ መሆኑ አሳፈረኝ።

በከተማችን ሆስፒታል ከአንገት በላይ ክፍል ያገኘኋት ነርስ የቡሬ ልጅ ናት። ቤተሰቦቿ ቡሬ ገበያ ጨርቅ የሚነግዱ ሙስሊሞች ናቸው። ንግግሯ ለስላሳ፣ እጇ ግን ጠንካራ ነው። «ቲቸር፣ እስከ ዛሬ ስትሠሪው የነበረውን ሁሉ ተገላቢጦሽ አድርጊው» አለችኝና አንድ በአንድ አሳየችኝ። ባለችው ሳደርግ በየሳምንቱ ይመጣ የነበረው ነስር ተራራቀ። ሚያዝያን፣ ያንን ደረቅ ወር፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነስሮኝ አለፈ። ያን ሰሞን ሎተሪ የወጣልኝ ያህል ነበር የምደሰተው።

ወዲያው ለአባቴ ደወልኩ።

«ዘር ነው ትይኛለሽ» አሉ።

«አዎ፣ አባ።»

«ኸእናቴ የመጣ።»

«አዎ።»

«እንዲያው እናቴ የሰጠችኝን ነገር ምን ብዬ ነው የምታከመው?» አሉና ዘጉት። ሁለት ሳምንት ስልኬን አላነሱም።

ሐኪም ፊት ያቀረባቸው ራሱ ነስሩ ነው። ለዘመድ ለቅሶ ፍኖተ ሰላም መጥተው፣ ለቅሶ ቤት ውለን በባጃጅ ወደ እኔ ቤት ስንመለስ ነሰራቸው። ሹፌሩ በመስታወቱ አይቶ «አባ፣ ቀና ይበሉ! ቀና!» ይላል። ከጎናችን የሚሄድ ባለጋሪ ሳይቀር «ውሃ አፍስሱባቸው እንጂ!» ብሎ ጮኸብኝ። አባቴ ሁለቱንም መርቀው አንገታቸውን ወደ ኋላ ጣሉ። እኔ ወደ ሹፌሩ ጠጋ ብዬ «ወደ ሆስፒታል ንዳው» አልኩት። በሕይወቴ አባቴን ሳላስፈቅድ በእሳቸው ጉዳይ የወሰንኩት የመጀመሪያው ነገር ይህ ሳይሆን አይቀርም።

ነርሷ ገና ስታየን ወንበር ሳበች። «ዝቅ ይበሉ አባቴ፣ ወደ ፊት።»

«ዝቅ ብልማ ይፈስሳል፣ ልጄ።»

«ቀና ሲሉስ የት ይሄዳል?»

አባቴ ትንሽ አሰቡ። «ወደ ውስጥ ነዋ።»

«ይውጡታል ማለት ነው።»

አባቴ አፋቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«አባቴ» አለች ድምጿን ቀነስ አድርጋ፣ «ደም መዋጥ ለእኛም አልተፈቀደ፣ ለእናንተም አልተፈቀደ።»

አባቴ ሻሿን አዩ፣ እኔን አዩኝ፣ ተመልሰው እሷን አዩ። ከዚያ ጎንበስ አሉ። እኔ ስንት ሳምንት ለምኜ ያቃተኝን እሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰችው። ቀናሁባት፤ ደግሞም አቅፌ ልስማት አማረኝ።

ከአጥንቱ በታች ያለውን የአፍንጫቸውን ለስላሳ ክፍል በሁለት ጣታቸው ግጥም አድርገው እንዲይዙ፣ በአፋቸው እንዲተነፍሱ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እስኪሞላ ጣታቸውን እንዳያነሱ ነገረቻቸው። ከባዱ አሥራ አምስቱ ደቂቃ ነው። አባቴ ቆሞ እንደሆነ ለማየት በየደቂቃው ለቀቅ ያደርጋሉ፤ ለቀቅ ሲያደርጉ እንደገና ይጀምራል። ሦስተኛ ጊዜ ሲለቁ ነርሷ «የጠዋት ጸሎትዎን በቃልዎ ያድርሱበት፤ ሳይጨርሱ እንዳይለቁ» አለቻቸው። ይህን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ከራሷ አመንጭታ ነው። አባቴ ደግሞ ጸሎት ጀምረው ማቋረጥ አይሆንላቸውም። አፍንጫቸውን ይዘው ግእዙን ሲያወርዱት ጉንፋን የያዘው ሕፃን ይመስሉ ስለነበር ሳቄን ልደብቅ ወደ መስኮቱ ዞርኩ። ጸሎቱን አድርሰው ጣታቸውን ሲያነሱ ደሙ ቆሟል።

የእሳቸውም ደም ተመርምሮ ያው የእኔው ነገር ሆኖ ተገኘ። ስንት ዓመት ስለፈሰሰ ደማቸው አንሶ ነበርና ለእሱም መድኃኒት ታዘዘላቸው። ሌላው ሁሉ ቀላል ነበር፦ አፍንጫቸው እንዳይደርቅ ጠዋት ማታ ቫዝሊን መቀባት፣ ባዘቶ የሚባል ነገር አለመጠቅጠቅ፣ ለራስ ምታት ከሱቅ እየገዙ የሚውጡትን አስፕሪን መተው፣ ነስሩ ሲበረታ የረጋው ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚይዘውን ኪኒን መዋጥ። ነርሷ ጨምራ «ጨርሶ አይጠፋም፣ አባቴ፤ ግን በእጅዎ ይሆናል» አለቻቸው። አባቴ የሰሙት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነበር።

አገራቸው ሲመለሱ ሁለት ጭንቀት ይዘው ተመለሱ። አንደኛው፣ በጾም ቀን ስንት ጊዜ ደም ውጠው ይሆን የሚለው ነው። አስተዳዳሪው «ሳያውቁ የሆነ ነው፣ ይተዉት» ብለው አሳረፏቸው። ሁለተኛው ደግሞ በቅዳሴ ቀን፣ ምንም ሳይቀመስ፣ ቫዝሊኑን አፍንጫ መቀባት ጾም ይሽር እንደሆነ ነው። ይህን ሲሰሙ አስተዳዳሪው ጢማቸውን ይዘው ብዙ አሰቡ አሉ፤ በመጨረሻም «አፍንጫ አፍ አይደለም» ብለው ፈረዱ። ስልክ ላይ ይህን ሲነግሩኝ አባቴ ራሳቸው ሳቁ። ሲስቁ ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ ነው ብዬ አሰብኩ።

ሦስት ወር ያህል አልነሰራቸውም። ፊታቸው ወዛ፣ እርሻው ላይ መዋል ጀመሩ። መቅደስ ግን አልገቡም። እንዳጋጣሚ በአባቴ ቦታ ተተክተው ከአስተዳዳሪው ጋር የሚያገለግሉት ጎልማሳ ቄስ ከበቅሎ ወድቀው እግራቸው ተሰበረ። ለቅዳሴ ቢያንስ ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ያስፈልጋል፤ አንድ ቄስ ብቻውን አይገባም። ደብሯ ሌላ ቄስ የላትምና ሁለት ሰንበት ቅዳሴ ታጎለ። ሰው ነጠላውን ለብሶ እየመጣ ጸሎት ብቻ ሰምቶ ተመለሰ፤ ክርስትና ሊነሱ የደረሱ ሕፃናትም ቀናቸው አለፈ። አስተዳዳሪው መጥተው አባቴን ለመኗቸው። አባቴ «ሦስት ወር አልነሰረኝም ማለት ነገ አይነስረኝም ማለት ነውን?» አሉ። አስተዳዳሪው መቋሚያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። የማይነስራቸው ለመሆኑ ማን ዋስ ሊሆን ይችላል?

ሦስተኛው ሰንበት ሊሆን ቅዳሜ ዕለት ልጠይቃቸው ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ለዘር የሚሆን ድንች ስንመርጥ፣ የያዙት ድንች ላይ ጠብ አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ያለ ማቋረጥ። አለቀ፣ አልኩ በልቤ፤ ከእንግዲህ የሚያስገባቸው የለም። ልነሳ ስል በእጃቸው ተይ አሉኝ። ጎንበስ ብለው አፍንጫቸውን ያዙና ያን የጉንፋን ጸሎታቸውን ጀመሩ። እኔ እጄ ላይ ያለውን ድንች ይዤ ደቂቃ እቆጥር ነበር። ሳይቸኩሉ፣ አንድም ጊዜ ለቀቅ ሳያደርጉ አደረሱት። ጣታቸውን አነሱ። ጠበቅን። ምንም አልመጣም።

መዳፋቸውን አገላብጠው ብዙ አዩት። ከዚያ ተነስተው ፊታቸውን ታጠቡ፣ ተመልሰውም ድንቹ ፊት ቆሙ።

«ለአስተዳዳሪው መልእክት ላኪላቸው። ነገ እገባለሁ።»

«አባ፣ አሁን ነስሮዎት?»

«ስፈራ የኖርሁት አይቆምም ብዬ ነበር» አሉ። «ቆመ እኮ። በገዛ እጄ።»

ምን ልበል? ሦስት ወር ሙሉ እንዳይነስራቸው ስጸልይ የከረምኩት በከንቱ ነበር። የሚያስፈልጋቸው አንድ ጊዜ ነስሯቸው ራሳቸው ማቆማቸው ነበር። የጾሙ ሰዓት ሳይገባ ኪኒናቸውን ዋጡ፣ ቫዝሊናቸውን ተቀቡ። የዕጣኑ ጢስ እንዳያደርቃቸው ጠዋትም እንዲቀቡ እኔ አሳሰብኳቸው፤ «አውቃለሁ፣ አፍንጫ አፍ አይደለም» ብለው ገላመጡኝ።

እሑድ እኔ ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም። የወር አበባዬ መጥቶ ነበር። ከሴቶቹ በር ራቅ ብዬ ጥዱ ሥር ቆምኩ። ከማዶ አባቴ ስምንት ዓመት የተደገፉት ግንብ ባዶውን ነው። ቅዳሴው ሲጀመር ድምፃቸው ከውስጥ መጣ፤ ትንሽ አርጅቷል፣ መጀመሪያ ላይ ሻከር አለ፣ ከዚያ ተከፈተ። አጠገቤ የቆሙት ሴቶች እርስ በርስ ተያዩ። አንዷ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች። እኔ ማልቀሱንም አልቻልኩ፤ በየመሐሉ ዝም ባሉ ቁጥር ነሰራቸው እያልኩ ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ድምፃቸው ሲመለስ እተነፍሳለሁ። እንዲህ ስይዝና ስለቅ ዲያቆኑ ሕዝቡን በሰላም አሰናበተ። ቅዳሴው አልቋል። ምንም አልሆኑም። ያኔ ጥዱ ሥር ተቀመጥኩ፤ እንዲህ ያለ እፎይታ ከዚያ በፊት አላውቅም።

ሕዝቡ መስቀላቸውን እየተሳለመ ከበባቸው። ሲበተን ወደ እኔ መጡ። ደስታ ፊታቸው ላይ ነበረ፤ ተነስቼ ገና እንኳን ደስ አለዎት ልል ስል ቀደሙኝ። እኔን አላዩኝም፤ ጥዱን ሽቅብ እያዩ ነበር የሚናገሩት።

«ስምንት ዓመት ውጭ ስቆም ብቻዬን አልነበርሁም» አሉ። «እኔ ኸግንቡ፣ አንቺ ኸዚህ። ስትመጪ ሁሉ ኸዚህ ነው የማይሽ።»

ፊቴ ጋለ። አባት ለልጁ እንዲህ ያለ ነገር በእኛ አገር አይናገርም፤ እሳቸውም እስከዛሬ ተናግረው አያውቁም። የእኔ የወር አበባ ሲመጣ አሥር፣ አሥራ ሁለት ቀን እንደሚቆይ ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ለጥርስ ሐኪሙም፣ ለነርሷም። አፍንጫዬን ሳሳክም ይህን ግን ሴት ሁሉ የሚችለው ነገር ነው ብዬ ቻልኩት።

«ዛሬ እኔ ገባሁ» አሉ አባቴ። «አንቺ ቀረሽ። ለዚያች ለቡሬዋ ልጅ ንገሪያት።»

«እሺ፣ አባ» አልኩ።

ሰኞ ክፍል ከመግባቴ በፊት ሄጄ ነገርኳት።